ጥብቆ መች አነሰው?

«ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው» ሲባል የምንሰማው ብዙ ጊዜ ስለ ልብስ ሲወራ አይደለም። ደመወዝ አነሰኝ የሚለውን፣ የተሰጠውን ስጦታ በአፍንጫው የሚያየውን፣ ሁለት ክፍል ቤት አግኝቶ ሦስተኛው ያማረውን ሰው ዝም ለማሰኘት ይመዘዛል። ሰሞኑን ግን አንድ ወዳጄ ቃል በቃል ለልብስ ተጠቀመበት። ጉልበቱ የሰፋ ቱታ፣ አንገቱ የተንዘላዘለ ካናቴራና ነጠላ ጫማ አድርጎ ቡና ልንጠጣ ፒያሳ መጣ። አስተያየቴ ሳያስታውቅብኝ አልቀረም፤ «ምን አለበት? ራቁቱን ለተወለደ…» አለና ተረቱን ሳይጨርስ ማኪያቶ አዘዘ።

ቸግሮት አይደለም። የቁም ሳጥኑን በር ለመዝጋት ትከሻ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ያናደደኝም እሱ ነው መሰለኝ፤ ተረቱ የማን እንደሆነ ረስቶታል።

ጥብቆ የልጅ ልብስ ነው። ገጠር ያደገ ያውቀዋል፤ ከአቡጀዲ የተሰፋ፣ ጉልበት ላይ የሚቀር፣ ከሥሩ ሱሪ የሌለው። እረኛው በጥብቆው ከብት ያግዳል፣ በጥብቆው ይተኛል፣ ዝናብ ሲመታው እላዩ ላይ ይደርቃል። ከፍ ሲል ሱሪ ይሰፋለታል። ተረቱ ሰውን የሚለካው ከተወለደባት ደቂቃ ተነሥቶ ስለሆነ ከዜሮ በላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ለቸገረው ሰው ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ጥብቆ ለብሶ ለቆመ ልጅ «አታፍርም፣ በቅቶሃል» ይለዋል። ግን ልብ በሉ፣ «አነሰው» ነው ያለው። ስለ ልክ ነው የሚያወራው። ቁልፉ ስለ ተከፈተ ሸሚዝ፣ ወጥ ስለ ነካው ደረት፣ እየተጎተተ መንገድ ስለሚጠርግ ሱሪ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ይህን ሌላው አማርኛችን ይሞላዋል። ልብስን ለሁለት ከፍሎ የክትና የአዘቦት ይለዋል። ክት መክተት ከሚለው የወጣ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ተከቶ በዓል፣ ሠርግ ወይም የክርስትና ጥሪ የሚጠብቀው ነው። አንዲት ቀሚስ ብቻ የተረፈቻት ሴት እንኳ ያችኑ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ክት ታደርጋታለች። ከዚያም በላይ ነጠላን ተመልከቱ። ጨርቁ አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያጣፉታል፣ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ይዘቀዝቁታል፣ በድሮው ወግ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆሙ ያደገድጉበት ነበር። ሌላ ልብስ አልተገዛም፣ ሳንቲም አልወጣም። የተለወጠው የጥለቱ አቅጣጫና የእጅ አጣጣል ብቻ ነው፤ ያየው ሁሉ ግን ሰውዬው የት እየሄደ እንደሆነ ከሩቅ ያውቃል።

ሠፈራችን ሕንፃ እየተሠራ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን የቀን ሠራተኞቹ የውሃውን በርሜል ይከብባሉ። በጣሳ እየቀዱ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ይለቀለቃሉ፤ ከፀጉራቸው ሲሚንቶ ያራግፋሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሚስማር ላይ ካንጠለጠላት ፌስታል ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ ያወጣል፤ የሥራው ልብስ በተራው ፌስታሉ ውስጥ ይገባል። አንዲት ልጅ አለች፣ ቀኑን ሙሉ ባሬላ ስትሸከም የምትውል። ግማሿ ከተሰበረ መስታወት ፊት ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች፣ የእጇን ስንጥቅጥቅ ቅባት ትቀባለች፣ ትወጣለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከቢሮ የወጡት መሀል ስትቆም ከየት እንደመጣች አይለይም።

«ጥብቆ መች አነሰኝ» ብሎ እንደነገሩ ለመሄድ ከማንም በላይ መብት ያላቸው እነዚህ ናቸው። አያደርጉትም። ሳስበው ነገሩ ኩራት ብቻም አይደለም። ሲሚንቶ የጠጣ ሱሪ ለብሶ ታክሲ የገባ ሰው አጠገቡ ለመቀመጥ ማንም አይቸኩልም፤ ረዳቱም ሒሳቡን ቀድሞ ይጠይቀዋል። ንጹሕ ሸሚዝ ለነሱ የይለፍ ወረቀት ነው። (መርካቶ ቦንዳ እየተፈታ የሚሸጠው ሳልቫጅ፣ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም፣ ገበያው የማይደርቀው ስለዚህ ይመስለኛል።)

ከማኪያቶው በኋላ ወዳጄ ጉዳይ ስለነበረው አብረን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ አልን። መኪናውን በር ላይ ሲያቆም ጥበቃው ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ። ከኋላችን አንድ አባት መጡ። ኮታቸው ያረጀ ቢሆንም በዚያ ፀሐይ እስከ ላይ ተቆልፏል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ወረቀታቸውን እንዳይታጠፍ በላስቲክ ጠቅልለውታል። «አባት፣ ወዴት ነው? መታወቂያ!» አለ ጥበቃው። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ሁለቱም እግር ላይ ያለው ያው ነጠላ ጫማ ነው። አንዱ ላይ «ቀለል ያለ ሰው» አሰኘ፣ ሌላው ላይ በር አስያዘ።

እዚህ ላይ ተረቱን ከወዳጄ አፍ ነጥቄ ለአባታችን ልሰጣቸው ወደድሁ። ራቁታቸውን ተወልደው፣ ለፍተው፣ ኮት ቆልፈው ለመጡ ሰው «አነሰህ» የማለት መብት ለጥበቃውም ለአለቃውም አልተሰጠም። ኃላፊነት ካለ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው፤ ደመወዝ ተቀብሎ ሕዝብ የሚያስተናግደው ሰው ሸሚዙን ይተኩስ። ባለጉዳይ እንደ አቅሙ ይምጣ።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በማስታወቂያና በዘመቻ ሊገሩት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዌልስ፣ ካርዲፍ ውስጥ አንድ የቴስኮ ሱፐርማርኬት ደንበኞቹ በፒጃማና በባዶ እግር እንዳይገቡ ማስታወቂያ ለጠፈ። በዚያው ዓመት ሻንጋይ የዓለም ኤክስፖን ልታስተናግድ ስትሰናዳ ነዋሪዎቿ በፒጃማ ጎዳና እንዳይወጡ ትመክር ነበር። በ2020 ደግሞ ሱዡ የተባለች ሌላ የቻይና ከተማ በካሜራ የያዘቻቸውን ባለ ፒጃማዎች ማንነት አደባባይ አወጣች፤ ሕዝቡ ሲቆጣ ይቅርታ ጠየቀች።

የሻንጋዩ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። እዚያ በጠባብ መንደር ማድቤት እየተጋራ የኖረ ሰው መተላለፊያው ራሱ ሳሎኑ ነበር። እኛስ? ቀበሌ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ሱቁ የግቢው አጥር ላይ የተለጠፈ። ጠዋት ጋቢ ደርቦ፣ ሸበጥ አጥልቆ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ከቤቱ ወጣ አይባልም። ያው ሰው ኮንዶሚኒየም ሲገባ ደረጃ ላይ የሚያገኘው የማያውቀውን ጎረቤት ሆነ፣ ጋቢውም በአንድ ሌሊት «መዝረክረክ» ተባለ። ስለዚህ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ሠፈር ውስጥ ቱታና ፒጃማ ለብሶ የታየን ሰው የሚከስስ ካለ እኔ ምስክር አልሆንለትም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተረቱ ይሰበራል። ለልጅ አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ ማደል ሲጀምር፣ ጥብቆ እንደሚያንስ በይፋ የታመነ ያህል ነው። ልጅ ራቁቱን መወለዱን ብትነግሩት አይጽናናም፤ እሱ የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠውን ነው።

እኔም በዚህ ጉዳይ ንጹሕ አይደለሁም። ባለፈው ግንቦት አንድ እሑድ ረፋድ ላይ በቱታና በሸበጥ፣ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥዬ ስመለስ ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተጥሏል። የዕድራችን አባል አርፈዋል። ማለፍ አሳፈረኝ፣ መግባትም አሳፈረኝ፤ ገባሁ። ዳቦውን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ እግሬ ሥር ሸጎጥሁት። ቱታዬ ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር ነበረው። ዙሪያዬን ስመለከት ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ባገኙት ኮት ተሸፍነዋል፤ ከመሀላቸው እንደ እኔ የደመቀ የለም። ማንም ምንም አላለኝም። አጠገቤ የነበሩት ጋሼ ግን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እኔ ላይ ጣል አደረጉትና «ልጄ፣ ብርድ ነው» አሉኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። ፀሐዩ የድንኳኑን ሸራ ያቃጥል ነበር። እስከ አንገቴ ተከናንቤ፣ እያላበኝ፣ እስከ ፍትሐቱ ተቀመጥሁ።

ጋቢውን አሳጥቤ በማግስቱ መለስሁ። ስለ ልብስ አላነሱብኝም፤ ቡና አስፈልተው የሟችን ደግነት ነገሩኝ። ቱታውን አሁንም ዳቦ ቤት ድረስ እለብሰዋለሁ። ድንኳን ተጥሎ ካየሁ ግን በወዲያኛው መንገድ ዞሬ ቤት እገባና ለውጬ እመጣለሁ።