ማንም ባያየንስ?



ዛሬ በቦንጋም ሆነ በየወረዳው ብዙዎቻችን በስልክ ከማናውቀው ሰው ጋር እንጫወታለን። በገበጣ ጊዜ ጠጠሩ በሁለቱም ፊት ስለሆነ የደበቀ ወዲያው ይታወቅበታል። በኢንተርኔት ጨዋታ ግን ተጋጣሚያችን ፊታችንን አያይም። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ማንም ሳያውቀን ብናጭበረብር ማንን እንበድላለን?

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በተኩስ ጨዋታ ከግድግዳ ጀርባ የተሸሸገው ተጋጣሚ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ወደ መሣሪያችን ይላካል፤ ከዓይናችን የሚሰውረው ጨዋታው ነው። አንዱ የማጭበርበሪያ ፕሮግራም ይህን መጋረጃ ይገልጣል፤ ሌላው ደግሞ በእጃችን ፈንታ ያነጣጥራል።

አንዳንዶቻችን «ጨዋታ እኮ ነው!» እንላለን። ነገር ግን ጨዋታን ጨዋታ የሚያደርገው ሁለቱም ወገን የተስማሙበት ሕግ ነው። ሕጉ ሲፈርስ ማሸነፍ የሚባለውም አብሮ ይፈርሳል። ያነጣጠረው ፕሮግራሙ ከሆነ ያሸነፈውም ፕሮግራሙ ነው። ተጋጣሚው ግን ጊዜውንና ድካሙን ተሰርቋል።

ሌሎች «መጠበቅ የኩባንያው ሥራ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ራዮት ደግሞ በ2020 ጠባቂ ፕሮግራሞችን አውጥተዋል። የራዮቱ ጠባቂ እስከ ኮምፒውተሩ የውስጥ ማዕከል ድረስ ይገባል። ታዲያ የሚፈተሸው ማን ነው? ያላጭበረበረውም ጭምር ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀድሞ በመውጣቱ ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሆነ። በሐቅ ያጠናው የገጠር ተማሪም ከቤቱ ርቆ፣ በር ላይ ተፈትሾ፣ በጥበቃ ሥር ተፈተነ። ጥቂቶች የሠሩትን ብዙዎች ከፈሉ።

ስለዚህ በስውር የሚያጭበረብር ሰው የሚበድለው ተጋጣሚውን ብቻ አይደለም፤ ከርሱ በኋላ የሚመጣውን ሐቀኛ ሁሉ ተጠርጣሪ ያደርገዋል። ጥበቃው በጠበቀ ቁጥር የሁላችንም ነፃነት ይጠባል። ይህን የሚያስቀረው ሳይታይ የሚታመን ሰው ሲበዛ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በነፃ የሚታደለውን የማጭበርበሪያ ፕሮግራም በስልካችን አንጫን፤ አንዳንዱ የጫነውን ሰው የይለፍ ቃል ራሱ ይሰርቃልና። አጭበርብሮ የረታውንም «ጎበዝ» አንበለው። መሸነፍ ቢሆንም እንኳ ሽንፈቱ የራሳችን ይሁን፤ ከርሱ እንማርበታለን።