የፒታ እግር

መቀሌ ውስጥ ፊልም የማስጭንበት አንድ ሱቅ አለ። ሱቅ ለማለት ይከብዳል፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ቻርጀሮችና የስልክ ሽፋኖች፣ ከባንኮኒው ኋላ ባለቤቱ። ፍላሹን ትሰጡታላችሁ፤ እሱ በየአገሩ ለይቶ ካስቀመጣቸው ፎልደሮች የመረጣችሁትን ይጭንላችኋል። ሕንድ፣ ቱርክ፣ ኮሪያ፣ «አሜሪካ አክሽን»፣ «አሜሪካ ልብ ሰቃይ»። አንዱ ፎልደር ግን «መጽሐፍ ያላቸው» ይላል። ለደንበኛ የሚከፍተው አይደለም፤ የራሱ ነው። ከልብ ወለድ የተሠሩ ፊልሞችን እዚያ ያጠራቅማል፤ መጻሕፍቱን ደግሞ ስልኩ ላይ እያነበበ ያመሳክራል። ፊልም ጫኝ ሆኖ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ደንበኛ ሁሉ ቤቱ በከተተበት አንድ ከሰዓት «ዘ ሀንገር ጌምስ»ን አብረን አየን፤ እኔ በተደፋ የለስላሳ ሳጥን ላይ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ ነው። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር ድምፁን ቀነሰና ወደ እኔ ዞረ።

«አዩልኝ መምህር?» አለ። «እግሩን መለሱለት።»

መጽሐፉን ካነበብኩት ዓመታት አልፈዋል። የማንን እግር እንደሚል እስኪገባኝ ዝም ብዬ አየሁት።

ሱዛን ኮሊንስ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ሁለቱ ተከታዮች በ2009 እና በ2010 ወጡ። ታሪኩ የሚሆነው ፓኔም በምትባል አገር ነው፤ ስሟ ከላቲኑ «ዳቦ» የተወሰደ ነው። ካፒቶል የሚባል የጠገበ ዋና ከተማና አሥራ ሁለት የተራቡ ወረዳዎች አሏት። ወረዳዎቹ ድሮ አምፀው ስለተሸነፉ በየዓመቱ ከየወረዳው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ በዕጣ ይወሰዳሉ፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18። ሃያ አራቱ በረሃ ይሁን ጫካ በተዘጋጀላቸው ስፍራ ይለቀቁና አንድ እስኪቀር ይገዳደላሉ። አገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ያያል። የምትተርክልን ካትኒስ ናት፤ ከወረዳዋ አብሯት የተወሰደው ደግሞ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፒታ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ፒታ እግሩን የሚያጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ጭኑን በሰይፍ ይመታል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ካትኒስ ዋሻ ውስጥ ታስታምመዋለች፤ መድኃኒት ተገኝቶ ይተርፋል። በመጨረሻው ሌሊት ካፒቶል የፈለሰፋቸው አውሬዎች እግሩን ይነክሱታል። ደሙ አልቆም ሲላት በጨርቅና በፍላጻ ጠምዝዛ ታስረዋለች። ነፍስን ለማትረፍ እግርን የሚገድል እስር ነው። ከዚያ ይሸነፋሉ ሲባሉ ያሸንፋሉ፤ ይታከማሉ፤ ታጥበው ለብሰው መድረክ ይወጣሉ። ካትኒስ እግሩ መቆረጡን የምታውቀው ከዚያ በኋላ በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው፤ በቀጥታ ሥርጭት፣ ካሜራ ፊት፣ የፒታን ሱሪ ገለጥ አድርጋ ብረትና ፕላስቲኩን ስታይ። ያሰርኩት እኔ ነኝ ብላ ትሸማቀቃለች፤ እሱ በቀልድ ያቀልላታል።

ጌሪ ሮስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያዘጋጀው ፊልም 142 ደቂቃ ይፈጃል። ሰይፉ አለ፣ ዋሻው አለ፣ መድኃኒቱም አለ። ፒታ ግን በሁለት እግሩ ወደ አገሩ ይገባል። ፍራንሲስ ሎውረንስ በሠራቸው ተከታዮችም ያ ሰው ሠራሽ እግር የለም።

ለፊልም ሠሪ ምክንያት አይጠፋውም። ተዋናዩ በሦስት ተከታይ ፊልሞች መሮጥ፣ መዝለል፣ መዋኘት አለበት፤ እግሩን በየምስሉ በኮምፒውተር መደለዝ ብር ነው። ሳስበው ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ እግሩን የገለጠው በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ነበር። ካሜራ እየቀረጸ፣ አገሩ በሙሉ እያየ። ደራሲዋ ለሲኒማ የሚሆን ትዕይንት አብስላ አቅርባላቸው ነበር፤ ሲኒማው ሳይቀምሰው አነሳው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን የፊልሙን በጎነትም ልናገር። መጽሐፉ ከካትኒስ ዓይን አይወጣም፤ እሷ ያላየችውን እኛም አናይም። ፊልሙ ጨዋታውን የሚያሽከረክሩት ሰዎች የተቀመጡበትን አዳራሽ ይከፍትልናል። እሳቱን የት እንደሚለኩሱ፣ አውሬውን በየት በኩል እንደሚለቁ፣ ቡና እንደሚያፈላ ሰው ረጋ ብለው ሲመካከሩ እናያለን። ነጭ የለበሰ፣ ድምፁን የማያነሳ፣ የማይቸኩል ክፋት። ይህን በመጽሐፉ ላይ አላገኘሁትም፤ ወድጄዋለሁ።

ረሃቡ ግን ሳስቷል። መጽሐፉ ላይ የድሃ ልጅ ስሙን ዕጣው ውስጥ አንድ ጊዜ በጨመረ ቁጥር በምላሹ የአንድ ሰው የዓመት እህልና ዘይት ይሰፈርለታል። የካትኒስ ስም ሃያ ጊዜ ገብቷል። ፊልሙ ይህን ሁሉ ነገር በጥቂት ምልልስ ያልፈዋል፤ ወዳጇ ጌል አርባ ሁለት ጊዜ አለሁበት ይላል። አዲስ አበባ ወይም ለንደን ተቀምጦ የሚያይ ሰው ቁጥሩን ላያስተውለው ይችላል። መቀሌ ውስጥ «እህልና ዘይት» የሚሉት ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን እንደሚያስታውሱ ማስረዳት አያስፈልግም። የሱቁ ባለቤት እዚያ ምልልስ ላይ ፊልሙን አቁሞ «ራሽን ማለት ነው» ብሎኝ ነበር፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል።

እኛ ልብ ወለድን ከወረቀት ወደ ሌላ ነገር ሲሻገር መጀመሪያ ያወቅነው በጆሮ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰው መጽሐፉን ሰማ እንጂ የተቀነሰለትን አልሰማም። ሰብለ ወንጌልን ሁሉም በየልቡ ሣላት። የአንዱ ሰብለ ጠይም፣ የሌላው ቀይ ናት፤ ፊታውራሪ መሸሻም በየቤቱ የየራሳቸው ቁመትና ቁጣ አላቸው። ካሜራ ይህን ነፃነት ይነጥቃል። አንድ ፊት ይመርጣል፣ አንድ አካል ይመርጣል፤ የመረጠው አካል ሙሉ ከሆነ ጎዶሎው ተረሳ ማለት ነው።

ደግሞ ይህች አገር እግር ያጡ ልጆቿን በሁለት ወገን ስታኖር የቆየች ናት። ደብረ ዘይት ላይ ለደርግ ሠራዊት ጉዳተኞች የተሠራው ጀግኖች አምባ ነበር፤ መቀሌ ላይ የትግራይ ጦር ጉዳተኞች ማኅበር አለ። ምናልባት አንዱ ያለ እግር የቀረው ሌላው በቀበረው ፈንጂ፣ ሌላውም ያለ እግር የቀረው ይኸኛው በተኮሰው ይሆናል። ካልሲ ግን ሁለቱም ቤት በነጠላ ነው የሚያልቀው።

የእኔ ወዳጅ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ከኤርትራ ጋር የነበረው የ1990ው ጦርነት በ1992 ካበቃ በኋላ፣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ ድንበር አካባቢ ፍየል ሲጠብቅ ነው የረገጠው። ልጅ ያድጋል፣ ሰው ሠራሽ እግር አያድግም፤ ስለዚህ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ እየተለካ አዲስ ተሠራለት። ስንት እግር እንደጨረሰ ስጠይቀው በጣቱ ቆጠረና አሥራ አንድ ላይ ተወው።

ዝናቡ አላባራ ስላለ ወሬያችን ቀጠለ። ፊልሙ እግሩን በመመለሱ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም።

«መጽሐፉም ቢሆን እኮ ይዋሻል» አለኝ። «እግሩን ያስቆረጠው ካፒቶል፣ የሠራለትም ካፒቶል። ያውም በጥቂት ቀን! ልጁ ወዲያው መድረክ ላይ ይሄድበታል። እኔ መጀመሪያ የተገጠመልኝ ጊዜ በሁለቱ ብረት መሃል ስመላለስ ወር ሞላኝ። የነጠቀህ ሰው መልሶ ይሰጥሃል የሚለው ነው ልብ ወለዱ።»

አሠራሩን ሲነግረኝ እጁ አየር ላይ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ የቀረው እግር በጀሶ ፋሻ ይጠቀለላል። ፋሻው ሲደርቅ ይወልቅና ውስጡ ጀሶ ይፈስስበታል፤ የእግሩ መልክ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ በምድጃ ግሎ እንደ ሊጥ ሲልም በመልኩ ላይ ይለበጣል። ቀይ መስቀል በብዙ አገር ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበርም ከዚሁ ፕላስቲክ ይሠራል። እኔ የማላውቀውና ከእሱ የሰማሁት ግን ካልሲውን ነው። በሥጋውና በፕላስቲኩ መካከል ወፍራም ካልሲ ይገባል። እግሩ የተለካው በዚያን ቀን ውፍረት ነው። ሰው ሲከሳ የቀረው እግርም ይከሳል፤ ያን ጊዜ ፕላስቲኩ ይሰፋል፣ ይንሸራተታል፣ ቆዳ ይልጣል። መላው ሌላ ካልሲ መደረብ ነው።

«መንገዱ ሲዘጋ አንድ ካልሲ ነበር የማደርገው» አለ፤ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ማለቱ ነው። «በመጀመሪያው ክረምት ሁለት ሆነ። ሲከፈት አራት ደርሼ ነበር።»

ሌላው ሰው ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ሲጨምር እሱ ካልሲ ጨመረ። አዲስ እንዳይለካ፣ ምድጃው መብራት ይፈልጋል፣ ፕላስቲኩ ከውጭ ይመጣል። ያን ጊዜ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ጓንት አጥበው መልሰው እስከመጠቀም ደርሰው ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ጦርነቱ ከተጀመረበት ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ስልክ በተቋረጠ ቁጥር እየደወልኩለት ያንኑ የማሽን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ኋላ ኋላ መደወሉን አሳነስኩ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 19 አውሮፕላኑ እንደገና መቀሌ አረፈ። እኔም ከሳምንታት በኋላ መጣሁ። ሱቁ ስደርስ ተቃቀፍን፤ ጎኑ አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር። እናቱን ጠየቅሁ፣ ሃርድ ዲስኮቹ ተርፈው እንደሆነ ጠየቅሁ፣ ቡና ጠጣን። ስለ እግሩ አልጠየቅሁም። ቆሞ ስለጠበቀኝ ይሆናል፤ ሱሪው ደግሞ እስከ ጫማው ድረስ ረጅም ነው።

በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አንድ ትንሽ ቦታ አለ። ክረምት ነው፣ በረዶ ነው፣ ካሜራዎች ተደርድረዋል። ካትኒስ ሮጣ ፒታ ላይ ትጠመጠማለች፤ እሱ ገና ሰው ሠራሽ እግሩን በደንብ አላዘዘውምና ተያይዘው በረዶው ላይ ይወድቃሉ። ለካሜራ ሲባል የታሰበ ፍቅር ውስጥ ያልታሰበ መውደቅ። ስለ እግሩ የሚነገረው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው፤ ግን ያችን ቦታ ካነበብኩ በኋላ ፒታ በተራመደ ቁጥር እጠነቀቅለታለሁ። ኮሊንስ እግሩን ቆርጣ አልረሳችውም። በረዶ ሲመጣ አስታወሰችው፤ ልክ የመቀሌ ጭቃ ሲመጣ ወዳጄ እንደሚያስታውሰው።

ይህን ስነግረው ሳቀ። «እኔ ግን ፊልሙ ላይ ሲሮጥ ደስ ይለኛል» አለ። «መጽሐፉን ሳነብ ስለ እኔ ነው የማነበው። ፊልሙን ሳይ ስለ እሱ ነው የማየው።» ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ፤ እስካሁንም መልስ የለኝም። እኔ በጎደለው እግር ስብሰለሰል፣ እግሩ የጎደለው ሰው በሚሮጠው ልጅ ያርፋል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ዝናቡም በዚያው አባራ። በስልኩ ብርሃን ፍላሼን ነቅሎ ሰጠኝ። «ሁለተኛውንም ጭኜልዎታለሁ፤ ሦስተኛው ግማሽ ላይ ቀርቷል፣ ነገ ይምጡ» አለኝ። ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ትንሽ ታገልን፤ ባንኮኒው ላይ ጥዬለት ወጣሁ።

የሱቁ የላሜራ በር ታች ላይ ይነክሳል። ወደ ታች ጎተተው፣ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ግድግዳውን በእጁ ተደግፎ በቀኝ እግሩ ሁለት ጊዜ ረገጠው። በሩ ገጠመ።

«ይኸኛው አያመውም» አለና ቁልፉን አዞረ።