የሮብዓም አብሮ አደጎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 ስለ ንጉሥ ሮብዓም ተጽፏል። ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልለት በለመነው ጊዜ ሽማግሌዎች ዝቅ ብሎ እንዲያገለግል መከሩት። አብሮ አደጎቹ ግን ቀንበሩን እንዲያከብድ ነገሩት። እርሱም የእኩዮቹን ምክር ሰማ፤ አሥሩ ነገድም ከእጁ ወጣ። መጽሐፉ የንጉሡን ጥፋት ሲነግረን የወጣቶቹንም ድርሻ አልሸሸገም።

ይህ ነገር በጅጅጋም ታይቷል። የዚያድ ባሬ ጦር በመስከረም 1970 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጦርም በኩባ ወታደሮች እየተረዳ በካራማራ ተዋግቶ የካቲት 26 ቀን አስመለሳት። ከሁለቱም ወገን በየተራራው የወደቀው ብዙ ወጣት ነበር። አዛዦቹስ? ዚያድ ባሬ በጥር 1983 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ ሸሸ፤ መንግሥቱም በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ቀን ከአገር ወጣ። ከወደቁት ወጣቶች ግን አንድም ወደ እናቱ አልተመለሰም።

በኋላም አቶ አብዲ መሐመድ ዑመር ክልሉን ለ8 ዓመታት ያህል መሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የመከላከያ ሠራዊት ጅጅጋ በገባ ጊዜ ሁከት ተነሣ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ። በዘረፋውና በቃጠሎው ስማቸው የተነሣው «ሄጎ» የተባሉ ወጣቶች ናቸው። ፕሬዚዳንቱ በሁለተኛው ቀን ከሥልጣን ወረዱ፤ በነሐሴም ታሠሩ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ገዥ ብቻውን ከተማ አያቃጥልም። የሚያሞግሰው አፍና የሚታዘዘው እጅ ያስፈልገዋል፤ ያንን አፍና እጅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከወጣቱ ዘንድ ነው። ወጣት ጉልበቱ ትኩስ ነው፤ መወደስን ይወዳል፤ ከእኩዮቹ መለየትን ይፈራል። ይህ ጠባይ የአንድ ነገድ ወይም የአንድ ሃይማኖት አይደለም። በእኔም በእናንተም ውስጥ አለ።

ስለዚህ «ሶማሌ እንዲህ አደረገን» የሚል ቃል ከአፋችን አይውጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2010 ዓ.ም. ግርፋትና ሥቃይ እንደሚፈጸምበት በገለጸው «ጄል ኦጋዴን» በተባለው እሥር ቤት የማቀቁት በአብዛኛው ሶማሌዎች ነበሩ። ያ በትር ሲወርድ ጎረቤቶቻችን ከእኛ በፊት ቀመሱት። በደለኛው በስሙ ይጠየቅ፤ ፍርድም ይሰጠው። የጎረቤትን ልጅ በሌላ ሰው ኃጢአት መጥላት ግን የሮብዓምን አብሮ አደጎች መምሰል ነው።

ይህን ለመልመድ ሹመት እስክናገኝ አንጠብቅ። የመዘምራን ኃላፊ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በመካከላችን አሉ። ሲሳሳቱ በፍቅር እንንገራቸው፤ ሲቆጡ አናጨብጭብላቸው። እኛም ስንመረጥ የትንሹን ልጅ ቃል እንስማ፤ ሂሳባችንን በግልጥ እናሳይ፤ ዘመናችን ሲፈጸም ቁልፉን በደስታ እናስረክብ። በጥቂቱ «አይሆንም» ማለትን ያልተማረ ወጣት፣ ክብሪት አስይዘው ሲልኩት እንዴት እምቢ ይላል?

የሐዋርያቱን እግር ያጠበ ጌታ ዝቅ የሚል ልብና እውነት የሚናገር አንደበት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።