ጣዕምና ፍርድ

ሰው የሚጠጣው ጥሙን ለመቁረጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውኃ በበቃው ነበር። ነገር ግን ሰው ገብሱን አብቅሎ፣ መራራውን ቅጠል ወቅጦ፣ ዕቃውን አጥቦና አጥኖ፣ ቀናት ጠብቆ መጠጥ ማዘጋጀት ከጀመረ እጅግ ረጅም ዘመን አልፏል። መጠጥ እንግዲህ የሥራ ውጤት ነው፤ የሥራ ውጤት በመሆኑም ጠጪው ስለ መጠጡ የሚሰጠው አስተያየት መጠጡን ስለ ሠራው ሰው የሚሰጠው ፍርድ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። በጥቂቱ የሚጠመቀውንና ዋጋው ከፍ ያለውን ቢራ በገፍ ከሚመረተውና ከርካሹ አስበልጠን ስናጣጥም የምንመሰክረው ምላሳችን ያገኘውን እውነት ነውን? ወይስ ኪሳችንና ማዕረጋችን የሚነግሩንን?

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ አንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት ምሽት፣ ከተዋንያንና ከመምህራን ወዳጆቼ ጋር ሆኜ ቦሌ ውስጥ የራሱን ቢራ እየጠመቀ ወደሚሸጥ አንድ ቤት ሄድን። ጠቆር ያለው ቢራ በረጃጅም ብርጭቆ ቀረበልን። ከመካከላችን ባሕር ማዶ የተማረው ወዳጃችን ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ፤ የተቆላ ብቅል ሽታ፣ ቡና ቡና የሚል መዓዛ፣ በመጨረሻም ምላስ ላይ የሚቀር መጠነኛ ምሬት እንዳገኘበት ባማረ አነጋገር ገለጠልን። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ እኔም ፈልጌ አገኘሁት። ቆየት ብሎ ትንሽ የደፈረሰ ብርጭቆ መጣ። ሌላው ወዳጃችን ቀመስ አደረገና ወደ ጎን ገፋው። «ይኼኛውስ ጠላ ጠላ አለኝ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የእኔን ሳቅ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ነበር። እኔን ያሳደገኝና እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ ጠላ ነው። ገርጂ ገና የከተማ ዳር በነበረበት ዘመን፣ ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንደር እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር። በራችን ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ተሰክቶ ይታያል፤ ጠላ መኖሩን የሚያበስር ሌላ ማስታወቂያ አልነበረንም። ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ የትምህርት ቤት ልብሴ ሁሉ ከዚያ ጣሳ ሥር የወጡ ናቸው። ያን ምሽት ይህን አልተናገርሁም። ማንም እንድናገር ባይጠይቀኝም፣ ዝምታዬና ሳቄ ተደምረው ምስክርነት ሆኑ፤ የሐሰት ምስክርነት።

እናቴ ምን ትሠራ እንደ ነበር በዝርዝር መናገር ይገባኛል። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥባለች፤ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል ከውኃ ጋር አዋህዳ ትጠነስሳለች። ጥንስሱ ሲብላላ እንኩሮውንና ምጣድ ላይ ጠቁሮ እስኪጤስ የተቆላውን ደረቆት ትጨምርበታለች። ድፍድፉን አፉን ከድና ቀኑን ትጠብቃለች፤ ሲደርስ በውኃ ትጠምቀዋለች። የጠላው ጥቁረት ከደረቆቱ፣ ምሬቱ ከጌሾው፣ ጭስ ጭስ የሚለው መዓዛው ከወይራው ይመጣል። ወዳጄ በቦሌው ብርጭቆ ውስጥ ያገኘው የተቆላ እህል ጣዕም፣ እናቴ ጭሱ ዓይኗን እያስነባት ከምጣድ ላይ ታወጣው ከነበረው ጣዕም ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። ለአንደኛው ያማረ ቃል ነበረን፤ ለሌላኛው የነበረን ሳቅ ብቻ ነው።

አንዳንዱ «ስለ ጣዕም ክርክር የለም፤ ሁሉም የወደደውን ይጠጣ» ይላል። አነጋገሩ የሰላም ቢመስልም ጥያቄውን አይመልስም። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 እ.ኤ.አ. ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ድርሰቱ ከሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ» ውስጥ አንድ ታሪክ ያነሣል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል የተቀዳ ወይን ጠጅ ቀምሰው እንዲፈርዱ ተጠየቁ። አንደኛው ወይኑ መልካም ነው፤ ግን ጥቂት የቆዳ ጣዕም አለበት አለ። ሁለተኛው ደግሞ መልካምነቱን መስክሮ የብረት ጣዕም አገኘሁበት አለ። ሰው ሁሉ ሣቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። ጣዕም የግል ስሜት ብቻ አይደለም፤ በነገሩ ውስጥ በእውነት ያለውን የማግኘት ችሎታም ነው። ችሎታ ከሆነ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ እንጂ በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። እናቴ የጎረቤት ጠላ ቀምሳ ጌሾው ቅጠል የበዛበት ይሁን እንጨት፣ ጋኑ በደንብ የታጠነ ይሁን ያልታጠነ፣ ደረቆቱ ከመጠን በላይ አርሮ እንደ ሆነ ትለይ ነበር። የሂዩምን ስም ሰምታ አታውቅም፤ የቁልፉን ጣዕም ግን ታውቃለች። የጠላ ቤቱ ደንበኞችም ጉሹን ከጠራው፣ ዋናውን ከቅራሪው ይለያሉ። በአገራችን የጣዕም ዳኝነት የተጀመረው ቦሌ ላይ ረጅም ብርጭቆ በቀረበ ዕለት አይደለም።

ይህን ስል በቦሌ የተጀመረውን ሥራ ለማቃለል አይደለም። ቢየር ጋርደን ኢን የተባለው የቦሌ ቤት የጀርመንን ወግ ተከትሎ፣ ፈዛዛውን «ብሎንዲ» ጠቆር ያለውን «ኤቦኒ» ብሎ እየሰየመ በዚያው ቤት የተጠመቀ ቢራ ለብዙ ዓመታት ሲያቀርብ ቆይቷል። ጠጪው የሚጠመቅበትን ቤትና የሚጠጣበትን ጠረጴዛ በአንድ ጣሪያ ሥር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሠሪውና ጠጪው ይተያያሉና። ጀርመኖችም ይህን ወግ በቀላሉ አላገኙትም። የባቫርያ ገዢዎች በ1516 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት አዝዘው ነበር። ሆፕ በእነርሱ ቢራ የሚሠራውን ሥራ በእኛ ጠላ ጌሾ ይሠራዋል፤ ምሬቱን ይሰጣል፣ ጣፋጩን ይገታል። ሁለት ሕዝቦች በየፊናቸው አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው፣ በየምድራቸው ካገኙት ተክል ተመሳሳይ መልስ አወጡ ማለት ነው።

በሌላ በኩል በገፍ የሚመረተውን ቢራ መናቅም ፍትሕ አይደለም። ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው ጥናት መጠጡን የሚያበላሹትን ጥቃቅን ሕዋሳት ገለጠ። ኤሚል ሃንሰን ደግሞ በ1883 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሕ የእርሾ ዘር ለይቶ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ እንዳይለይ ማድረግ ተቻለ። ይህ የሳይንስ ድል ነው። በእኛም አገር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የፋብሪካ ቢራ የከተማ ሰው ሕይወት አካል ሆኗል። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ተዛወረ። ሄኒከን በ2011 እ.ኤ.አ. የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ገዛ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ ታላቅ ፋብሪካ አቆመ። ባለቤትነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የጠርሙሱ ጣዕም በየአገሩ ካለው ጠርሙስ ጋር እየተቀራረበ ሄደ። ሆኖም ሰሚት ወይም አያት ላይ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲሸከም የዋለ ሠራተኛ፣ ማታ ከሱቅ አንድ ጠርሙስ ሲገዛ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል። ገንዘቡ አይከዳውም። ይህን ሰው ጣዕም አያውቅም ብሎ የሚስቅበት ሰው ስለ ቢራ ሳይሆን ስለ ደመወዝ መናገሩ ነው።

እንግዲህ ፋብሪካው ወጥነት አለው፤ ትንሹ ጠማቂ ደግሞ ልዩነት አለው። የፋብሪካ ቢራ ዓለምን ሲያለብስ ልዩነትን የናፈቁ ሰዎች በየአገሩ ተነሡ። በብሪታንያ በ1971 እ.ኤ.አ. ጠጪዎች ነባሩን የበርሜል ቢራ ለማዳን ማኅበር አቋቋሙ። በዩናይትድ ስቴትስ የጠማቂ ድርጅቶች ቁጥር ከመቶ በታች ወርዶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ሰው በቤቱ ቢራ እንዲጠምቅ ፈቀደ፤ ከእነዚህ የቤት ጠማቂዎች መካከልም ኋላ የትንንሽ ፋብሪካዎች መሥራቾች ወጡ። እነርሱ ሊመለሱበት የደከሙለት ነገር የቤት ጋን ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ጋኑ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ «በአዲስ አበባ ከታላላቅ ኩባንያዎች ነፃ የሆነው ጠማቂ ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ እውነተኛው መልስ በየሰፈሩ ጣሳ ሰቅላ የምትኖረው ሴት ናት የሚል ነው። ባለ አክሲዮን የላትም። ጌሾዋን ራሷ ትመርጣለች፤ ገብሷን ራሷ ትቆላለች፤ ጠላዋ ቢበላሽ ኪሳራው የራሷ ነው። በሌላ አገር እንዲህ ያለውን ሰው የእጅ ባለሙያ ብለው ያከብሩታል፤ እኛ ግን «ጠላ ሻጭ» ብለን እናልፋታለን።

ንቀቱ ከወዴት መጣ? በከፊል ከልማድ ነው፤ ይህ አገር ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን ሲንቅ በእጃቸው ሥራ መጠቀሙን ግን ተወ የተባለበት ዘመን የለም። በከፊል ደግሞ ምላሳችን በራሱ መፍረድን በመተዉ ነው። ለብዙ ዓመታት በራዲዮና በቴሌቪዥን ስለ ቢራ የምንሰማው ጣዕሙን ሳይሆን ጀግንነትን፣ አንድነትንና የአገር ፍቅርን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ ጆሯችን ዕረፍት አገኘ፤ ምላሳችን ግን ገና ነፃ አልወጣም። ዛሬም የብርጭቆውን ቁመት፣ የስሙን ባዕድነትና የሂሳቡን መጠን አይቶ ነው የሚፈርደው።

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት እንዳንሠራ መጠንቀቅ አለብን። የአገር ነገር ስለ ሆነ ብቻ ጠላ ሁሉ መልካም ነው የሚል ሰው ካለ፣ እርሱም እንደ ወዳጆቼ በዓይኑ የሚቀምስ ነው። በቆሸሸ ጋን የተጠመቀ ጠላ አለ፤ የኮመጠጠ ጠላ አለ፤ ትርፍ ፍለጋ ውኃ የበዛበት ጠላ አለ። እናቴ አንድ ጊዜ ለበዓል ያዘጋጀችው ጋን ሙሉ ጠላ ሆምጥጦ ቀረ። ደንበኞች በር ላይ ቆመው ሳለ «ዛሬ ጠላ የለም» ብላ ጣሳውን ከእንጨቱ ላይ አወረደች። ያን ወር እንዴት እንደ ኖርን አስታውሳለሁ። ለጠላ ክብር የምጠይቀው ይህን ያህል ጥብቅ ዳኛ በቤቱ ስለ ነበረው ነው። ክብር ማለት ያለ ምርመራ ማመስገን አይደለም፤ በአንድ ሚዛን መመዘን ነው። ከመጠን ያለፈ መጠጥ ቤት እንደሚያፈርስም አልዘነጋሁም፤ በጠላ ቤት ያደገ ልጅ ይህን ከማንም ይልቅ በቅርብ አይቶታል። ነገር ግን ለራሱ ልክ የሚያበጀው፣ የሚጠጣውን ነገር ቀምሶ የሚያውቅ ሰው እንጂ ስሙንና ዋጋውን የሚጠጣ ሰው አይደለም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ለተሻለ ጣዕም የበለጠ መክፈል ኃጢአት አይደለም፤ የተሻለ ሥራ የተሻለ ዋጋ ይገባዋልና። በደሉ የሚጀምረው በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ ያመሰገንነውን ያንኑ ጣዕም በሌላው ዕቃ ስናገኘው የሳቅንበት ጊዜ ነው። ያኔ ምላሳችን አውቆ፣ አፋችን ይዋሻል። በመድረክም፣ በመማሪያ ክፍልም፣ በስብሰባ አዳራሽም ስለ ሥራ ክቡርነት የምንናገር ሰዎች ነን። ቃላችን እውነት መሆኑ የሚፈተነው ግን ማንም ባላሰበው ቦታ፣ ከወዳጆች ጋር በተቀመጥንበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ እናቴ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ፣ ሳቄን ጭምር፣ ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «ቢራው ግን ጥሩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጥሩ ነበር፣ እማዬ» አልኋት።

«ገብሱን ምን ላይ ነው የሚቆሉት፣ ልጄ?»

አላውቅም ነበር። ያን ያህል ያማረ ቃል በተነገረበት ጠረጴዛ ላይ ከመካከላችን ይህን ለመጠየቅ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። እርሷ ግን አይታው ስለማታውቀው ጠማቂ የጠየቀችው ስለ ዋጋውም ስለ ስሙም ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። ጣዕምን እንዳኛለን የምንል ሁላችን፣ ጠጁም ይሁን ጠላው፣ የቦሌው ቢራም ይሁን የቂሊንጦው ጠርሙስ ሲቀርብልን፣ ፍርዳችንን ከዚህ ጥያቄ ብንጀምር ለምላሳችንም ለሕሊናችንም የተሻለ ይሆናል።