ጠርዝ ያለው ፊት

በጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በአንዲት የወደብ ከተማ፣ ዓይናቸው እየደከመ የመጣ አንድ ሠዓሊ ነበሩ። በጉልምስናቸው የሰው ፊት ሲሥሉ ከቅንድብ አንዲት ፀጉር አያመልጣቸውም ይባል ነበር። ኋላ ግን ጠይሙን ከቀዩ፣ ቀዩን ከቡናማው የሚለየው ስስ ልዩነት እየጠፋባቸው ሄደ። ብሩሹን አስቀምጠው፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የሥዕል ታብሌት ይዘው ወጣቶችን ማስተማር ጀመሩ።

ከተማሪዎቻቸው አንዱ እጁ የተባረከ ነበር። በስክሪን ላይ የሚሠራው ፊት ለስላሳ ነው፤ ብርሃኑ ከግንባር ተነሥቶ ወደ ጉንጭ ሲወርድ የት እንዳለቀ፣ ጥላውም የት እንደጀመረ አይታወቅም። ያየው ሁሉ «ፎቶ እኮ ነው የሚመስለው!» ይላል። ልጁም ይህን ከመስማት የሚበልጥ ደስታ አልነበረውም።

አንድ ቀን ዓሣ ነጋዴ የሆነች ሴት መጣች። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። የቀራት የእሱ ፎቶ አንድ የመታወቂያ ጉርድ ብቻ ነው፤ እሱንም ቤታቸው ጎርፍ በገባበት ጊዜ ውሃ አግኝቶት፣ ግራ ጉንጩ፣ የከንፈሩ ዳርና የመንጋጋው ግማሽ ቡናማ እድፍ ሆነዋል። «ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው» አለች። «አባታችን በሠርጉ ቀን ከግድግዳው ላይ እንዲኖርልን ነው የምፈልገው።»

ተማሪው ፎቶውን ስካን አድርጎ አሰፋው። ያልተበላሸውን ቀኝ ጉንጭ ቀዳ፣ ገለበጠ፣ በግራው ላይ ለጠፈ። ያልገጠመለትን ቦታ በማደብዘዣው ብሩሽ አለሰለሰው። ከንፈሩን ትንሽ ፈገግ አደረገው፣ የሠርግ ሥዕል አይደል። ሲጨርስ የትኛው ከፎቶው እንደመጣ፣ የትኛው ከእሱ እንደሆነ ራሱም መለየት አልቻለም።

ሴትዮዋ መጥታ አየችው። ብዙ ቆመች። «ያምራል» አለች፤ አመሰገነች፤ ገንዘቡን ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች።

«ኢቡ፣ የሚስተካከል ነገር አለ?» ሲሉ መምህሩ ከማዕዘናቸው ጠየቋት፤ «ኢቡ» በአገሩ የሴት፣ «ፓክ» የወንድ ማክበሪያ መጠሪያ ነው።

«የለም ፓክ። ምኑን ብዬ አስተካክላለሁ? ሁሉም ደህና ነው።»

መምህሩ ሥዕሉን አጥርተው ማየት ባይችሉም ድምፅዋን ሰምተዋል። «እንግዲያው ገንዘብዎን ይያዙ፤ ሌላ እንሠራልዎታለን» አሏት። እሷ ስትወጣ ልጁ ፊቱ ቀላ። «ምን አጠፋሁ?»

«ያቺ ሴት አባቷን አይታ አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ጨዋ ሰው ለማያውቀው እንግዳ የሚሰጠውን ሰላምታ ሰጥታው ሄደች።»

ከዚያም ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡና ማደብዘዣውን፣ ማዋሃጃውን፣ ጠርዙ የሚሟሟውን ለስላሳ ብሩሽ ሁሉ ከመሣሪያው ዝርዝር አስወጡበት። «ሁለት ነገር ትቼልሃለሁ፤ ቀጥታ መስመርና ወጥ ቀለም። የሚጎብጥ መስመር የለም። አንዱ ቀለም በሌላው ውስጥ አይቀልጥም። ስምንት ቀለም ምረጥ፣ ዘጠነኛ የለህም» አሉት። ሚሊዮን ቀለም ለለመደ እጅ ይህ እንደ ቅጣት ነው።

በቀኙ ግማሽ ጀመረ። ከነጥብ ወደ ነጥብ እየጫነ ግንባሩን በሦስት ባለማዕዘን ቁራጭ ከፈለው፤ የአፍንጫውን አጥንት ረዘም ባለ ሦስት ማዕዘን አቆመው። መስመሮቹ በሚገናኙበት ጠርዝ ነጭ ክር እያፈተለከ ሲያስቸግረው የታችኛውን ቁራጭ ከላይኛው ሥር ገባ አድርጎ ማስረግ ለመደ። ቀለም ላይ ሲደርስ ግን እጁ ተያዘ። ለጉንጩ አረንጓዴ መረጠና ሰረዘው። ወይን ጠጅ ሞከረና ሰረዘው። «የሰው ፊት አረንጓዴ አይሆንም ፓክ» አለ።

«ቀለሙ ምን እንደሆነ ተወውና ምን ያህል እንደሚያበራ ጠይቀው።» ከሥዕሉ በላይ አዲስ ንብርብር (ሌየር) አስከፈቱት፤ በግራጫ አስሞሉት፤ የሌየሩን ማዋሃጃ ሥልት አስቀየሩትና ከሥር ያለው ሥዕል ቀለሙን አራግፎ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ። «ቢጫ ከሁሉ በላይ ያበራል። ጥልቅ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ከሁሉ በታች ይጨልማሉ። ብርቱካናማውና አረንጓዴው መሀል ላይ ናቸው። የብርሃኑ ተራ እስካልተዛባ ድረስ አረንጓዴ ጉንጭም ጉንጭ ነው። የእኔ ዓይን የቆዳን ቀለም ትቶኛል፤ የቱ እንደሚበራና የቱ እንደሚጨልም ግን አሁንም ያውቃል።»

ልጁ አመናቸውና ቀጠለ፤ ግንባሩ ቢጫ፣ ጉንጩ አረንጓዴ፣ ጺሙ ብርቱካናማ ሆኖ የቀኙ ግማሽ ሰው መሰለ።

ከዚያ ወደ ግራው ተሻገረና ቆመ። በለስላሳው ብሩሽ ሲሠራ ይህን ቦታ ሳይታወቀው ነበር ያለፈው። አሁን ግን አንዱን ነጥብ ለመትከል ማወቅ አለበት። የጉንጩ አጥንት የት ላይ ይሰበራል? ነጥቡን ወደ ውጭ ቢያወጣው ሰውየው ይወፍራል፤ ወደ ውስጥ ቢያስገባው ሕመምተኛ ይሆናል። የመዳፊቱ ቀስት ከእድፉ ላይ ሲንከራተት ዋለ።

«ፓክ፣ አላውቀውም» አለ በመጨረሻ።

«ማን ያውቃል?»

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ዓሣ ገበያ ወረደ። ሴትዮዋ እጇ ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ አገኛት። አፍሮ፣ ተንተባትቦ ጠየቃት። እሷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጣቷን ከራሷ ፊት ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ገባ ያለ ነበር። በግራ በኩል የመንጋጋ ጥርሶቹን ካስነቀለ ወዲህ ነው። ቀኙ እንዲህ አልነበረም።»

ልጁ ቀኙን ገልብጦ በግራው ላይ እንደለጠፈ ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

«መንጋጋው ደግሞ ቁርጥ የሱ ነው» ብላ ወንድሟን ጠራችው። ሙሽራው ከመብራቱ ሥር በጎን ቆመለትና ልጁ ወረቀት ላይ በእርሳስ ቀጥ ቀጥ ያለ መስመር ጣለ። ከጎን የሚሸጡት ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ፤ «ሲያወራ አፉ ወደ ቀኝ ይሳብ ነበር» አሉ። ሴትዮዋ የለም አለች። ተከራከሩ። ዓሣ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶችም የሰውየውን ነገር እያነሡ ገቡበት። ልጁ ያን ጠዋት ስለ ሟቹ የሰማውን ያህል ፎቶውን ሲያሰፋው በሰነበተበት ጊዜ ሁሉ አላወቀም ነበር።

ተመልሶ ግራ ጉንጩ ላይ ጥልቅ ሰማያዊ ቁራጭ ተከለ። መንጋጋውን ከወንድምየው ወሰደ። ሴትዮዋ ስትመጣ ከስክሪኑ ፊት ቆመች፤ ጠጋ አለች።

«አይደለም» አለች።

የልጁ ልብ ወረደ።

«ይሄ ሰማያዊው ዝቅ ይበል። ጉድጓዱ የሚጀምረው ከዚህ በታች ነው። ከንፈሩ ደግሞ እንዲህ አይከርም፤ አባቴ ቁጡ ሰው አልነበረም።»

ልጁ የቁራጩን ማዕዘን ያዘና ወደ ታች ሳበው። «ትንሽ» አለች ከኋላው ቆማ። «አሁንም ትንሽ። ተው፣ እዚያ ጋ!» ከንፈሩንም እንዲሁ አስተካከሉ። እስኪመሽ ድረስ አልሄደችም፤ ገበያዋንም ረሳችው።

መምህሩ ኋላ ልጁን እንዲህ አሉት፦ «የመጀመሪያውን አላረመችልህም። በየት በኩል ትያዘው?»

ይህ ታሪክ ምሳሌ ነው፤ እኔ የፈጠርኩት ነው። ዓይኑ የደከመ ሠዓሊ ግን በእርግጥ ነበር። ኢንዶኔዥያዊው ወዳ አብዱል ራሺድ እ.ኤ.አ. በ1951 በቺሬቦን ተወልዶ በጃካርታ «ሃይ» ለተባለው የወጣቶች መጽሔት ሥዕል ይሠራ ነበር። አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ዓይኑ የቆዳን ስስ ቀለም መለየት አስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ፊትን በቀጥታ መስመርና በወጥ፣ በደማቅ ቀለም ቁራጭ መሥራት የጀመረው ከዚህ ችግር ተነሥቶ ነው። ዛሬ ሥልቱ በእሱ ስም «የወዳ ፖፕ አርት ፖርትሬት» ተብሎ ይታወቃል፤ ወጣቶች በኮምፒውተር፣ በታብሌት፣ በስልካቸውም ሳይቀር ይሠሩበታል። ቀለሙን እንደፈለጉ ይመርጣሉ፤ የፊቱን ቅርጽና ልክ ግን ከፎቶው አያዛንፉም። ለእኔ የሥልቱ ክብር እዚህ ላይ ነው። አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1962 የማሪሊን ሞንሮን የፊልም ማስታወቂያ ፎቶ ወስዶ በሐር ወንፊት ሲያትም፣ ቀለሙ ከከንፈሯና ከዓይኗ ቆብ ላይ ተንሸራቶ ወጥቷል፤ እኔ እንደማየው የተባዛውም ከሴቲቱ ይልቅ ዝናዋ ነው። የወዳ መንገድ ግን ወደ ሰውየው ይመልሳል።

ለስላሳ ሥዕል ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። እያንዳንዷን ጥላ አውቀው የሚያለሰልሱ ሊቃውንት አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ማለስለሻው ላላወቀ ሰውም እኩል መታዘዙ ነው። የማያውቁትን ቦታ ሳይጠይቁ ያሳልፋል፤ ሥዕሉን የሚያየውም ሰው «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚልበት መስመር አያገኝም። ወጥ ቀለም ግን ሠዓሊውን ብርሃኑ እዚህ ያበቃል ብሎ ቁርጡን እንዲናገር ያስገድደዋል፤ የተናገረውን ደግሞ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ያርመዋል። ለዚህም ነው በአንድ ቁልፍ ፎቶን ወደ ወጥ ቀለም የሚከፋፍሉት የሶፍትዌር ማጣሪያዎች የማይታመኑት። ፎቶሾፕም ሆነ ነፃው ክሪታ ይህ መሣሪያ አላቸው። መሣሪያው የሚቆርጠው በእያንዳንዷ ነጥብ የብርሃን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 255 ባለው ልክ ነው። ለእሱ የጎርፍ እድፍና የጉንጭ ጥላ ቁጥራቸው እኩል ከሆነ አንድ ናቸው፤ እድፉን ከሰውየው ፊት ጋር አብሮ ይሥለዋል።

በእኛ አገር የዚህን ሥራ ጠባይ በትልቁ ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው ይህ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት አለው። አንዱ ባለቀለም መስታወት በሌላው ውስጥ አይቀልጥም፤ ቀይ ሲያልቅ ያልቃል፣ ሰማያዊ ሲጀምር ይጀምራል። በዚያ ቁርጥ ያለ ወሰን የተሠሩት ፊቶች ግን ከሩቅ ሆነው ያዩናል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው የሙታናችንን ፎቶ እያሰብኩ ነው። ለለቅሶና ለመታሰቢያ የሚሰፋው ፎቶ ብዙ ጊዜ የመታወቂያ ጉርድ ነው፤ ፎቶ ቤት ይገባና መስመሩ ይጠፋል፣ ቆዳው ይነጣል፣ አንገቱ ላይ ኮትና ክራባት ይጨመራል፤ ከዚያ ባነርና ቲሸርት ላይ ይታተማል። ቤተሰቡ «ያምራል» ይላል። ማን ደፍሮ ሌላ ይላል? ዛሬ በስልኩና በታብሌቱ የቁም ምስል የሚሠራ ብዙ ወጣት አለ፤ ችሎታውም አለው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲታዘዝ በቀጥታ መስመርና በጥቂት ቀለም ይጀምረው፤ ለማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊትም ጅምሩን ይዞ ወደ ሟች ቤት ይሂድ። ፎቶውን ከአሥር ዓመት በኋላም ስካን ማድረግ ይቻላል፤ ያን ፊት በአካል የሚያውቁት አክስትና አጎት ግን ዛሬ ነው የሚጠየቁት።