የሚያቃናውን ማን ያቃናዋል?

ቢላዋ ሲዶለዱም በመሳያ ድንጋይ ይሳላል። መሳያው ራሱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ምን ይደረጋል? ነገሩ የጓዳ ጉዳይ ቢመስልም፥ ልጅ ለሚያሳድግ፥ ተማሪ ለሚያስተምርና በሰዎች መካከል ለሚፈርድ ሁሉ የሚገባ ጥያቄ ስለ ሆነ ጥቂት ልንመረምረው ወደድን።

አዲስ መሳያ ድንጋይ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ነገር ግን ብረቱ አዘውትሮ የሚመላለሰው በመካከሉ ስለ ሆነ፥ መካከሉ ቀስ በቀስ አልቆ ይጎደጉዳል፤ ዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የአናጢ መላጊያ ብረት ቢሳልበት፥ የድንጋዩን ጉድጓድ ተከትሎ አፉ ይጎብጣል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ድንጋዩ የጎደጎደው ሥራ ፈትቶ ስለ ተቀመጠ አይደለም፥ በማገልገሉ ነው። የሚያገለግል ሁሉ ያልቃል፤ ማለቁም ነውር አይደለም። ነውሩ ራስን ሳይመረምሩ፥ «እንደ ቀድሞዬ ነኝ» ብሎ ሌላውን መሳል ነው።

እንዲህ ያለውን ድንጋይ በቤት ማቃናት ይቻላል። በፊቱ ላይ በእርሳስ መስመር ያሰምሩበታል፤ ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ወፍራም መስተዋት ላይ አንጥፈው፥ ውሃ እያርከፈከፉ ድንጋዩን ያሹበታል። መስመሩ አስቀድሞ ከዳሩ ይጠፋል፤ በጎድጓዳው ያለው ግን እስከ መጨረሻ ይቆያል። እንዲህም ዐይን ያላየውን ጉድለት እርሳሱ ይገልጠዋል። ጉድጓዱም አይሞላም፤ ከፍ ያለው ዝቅ ይላል እንጂ።

አንዳንዱ ሁለት ድንጋዮችን እርስ በርስ በማፋተግ ብቻ ሊያቃና ይሞክራል። ሁለቱም በመጨረሻ ይገጥማሉ፤ ነገር ግን አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ጎብጦ ሊገጥሙ ይችላሉና፥ መግጠማቸው ትክክል መሆናቸውን አያስረዳም። ስለዚህ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ሦስቱ እየተለዋወጡና እየዞሩ ሲፋተጉ፥ እያንዳንዱ ከሁለቱ ጋራ የሚገጥመው ሁሉም ጠፍጣፋ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ጎባጣ ከጎባጣ አይገጥምምና። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. በግላስጎው ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ትክክለኛ የብረት ገጽ እንዴት እንደሚዘጋጅ አስረድቷል፤ የሦስቱ ገጾች ዘዴም በእርሱ ስም ይታወቃል።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች ተስማሙ ማለት እውነትን አገኙ ማለት አይደለም። ቁጡ መምህርና ፈሪ ደቀ መዝሙር በሚገባ ይገጥማሉ፤ የአንዱ መጉበጥ በሌላው መጎድጎድ ውስጥ ያርፋልና። ከውጭ ለሚያየው ሰላም ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ተጎድተዋል።

«ታላቅ ሰው ቢታረም ክብሩ አይቀንስምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ድንጋዩም ሲቃና ከውፍረቱ ጥቂት ይቀንሳል። ነገር ግን ሳይቃና ቢቀር ጥፋቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ በተሳለበት ብረት ሁሉ ላይ ይባዛል። ስለዚህ ሌላውን ለማቃናት የተሾምን ሁሉ፥ ከሚስማማን ወዳጅ ሌላ ሦስተኛውን እንፈልግ፤ እርሱም ጉድለታችንን ሲያሳየን ዝቅ ለማለት አንፈር።