አሳላፊው ለምን ይቀምሳል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮሶዬ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ገደሉ ላይ ነው። ገደሉ ያስደንቃል፤ መንገደኛው ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል። እኔን ግን የሚያቆመኝ ከጀርባ ያለው የገብስ ማሳ ነው። ውርጭ የማይምረው፣ ጭላዳ የሚሻማው ይህ የደጋ ገብስ ቆሎም፣ በሶም፣ ጠላም ይሆናል። ቁልቁል ወርዶ ጎንደር ሲገባ ደግሞ ሌላ ዕጣ ይጠብቀዋል። ከተማዋ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የዳሸን ቢራ ፋብሪካ አላት፤ የብቅል ፋብሪካም አላት። ስለዚህ ኮሶዬ ላይ ቆሞ ስለ ጥራት መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከዚህ ማሳ የወጣው ገብስ ጥሩ ብቅል ሳይወጣው ቢቀር፣ ተጠያቂው ማን ነው?

ቶሎ ከአፍ የሚወጣው መልስ «ገበሬው» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «የጥራት ክፍሉ» የሚል ነው። ሁለቱንም እንመርምር።

ብቅል የሚሆነው ሕይወት ያለው ገብስ ብቻ ነው። እናቶቻችን ለጠላ ሲያበቅሉ እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ፋብሪካውም ገብሱን ሁለት ቀን ያህል ይዘፈዝፋል፣ አራት አምስት ቀን ያበቅላል፣ ከዚያ በሙቀት ያደርቃል። ከመቶው ፍሬ ቢያንስ 95ቱ መብቀል አለበት። አጨዳ ላይ ዝናብ ያገኘው፣ እርጥበቱ ሳይወጣ ጎተራ የገባ ወይም ውቂያ ላይ የተሰነጠቀ ፍሬ አይበቅልም። በፋብሪካው በር ላይ ናሙና የምትወስደው ባለሙያ ፍሬው መሞቱን ማወቅ ትችላለች፤ ማስነሳት ግን አትችልም። እንግዲህ ፍተሻ የሆነውን ይናገራል እንጂ የሆነውን አይለውጥም። የጥራት ክፍሉን ተጠያቂ ማድረግ መርዶ ነጋሪውን በሟቹ ምክንያት መክሰስ ነው።

ወደ ገበሬው ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። አንድ የኮሶዬ ገበሬ እናስብ። የግብርና ባለሙያው የሚመዘነው ከሄክታር በተገኘው ኩንታል ስለሆነ፣ ገበሬው ናይትሮጅን ያለበትን የዩሪያ ማዳበሪያ እንዲጨምር ይመክረዋል። ገበሬው ምክሩን ይሰማል፤ ምርቱም ይበዛል። ነገር ግን ናይትሮጅን ሲበዛ፣ በተለይም ዘግይቶ ሲጨመር፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከፍ ይላል። ለብቅል የሚፈለገው ደግሞ ከ9 እስከ 12 በመቶ ገደማ የሆነ ፕሮቲን ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ከብቅሉ የሚገኘው ምርት ይቀንሳል፣ ቢራውም ሊደፈርስ ይችላል። ስለዚህ አንዱ መሥሪያ ቤት «ጎበዝ» ብሎ የሸለመውን ገብስ ሌላው ከበር ይመልሰዋል። ገበሬው የታዘዘውን አድርጓል። የግብርና ባለሙያውም፣ የላቦራቶሪዋ ባለሙያም የታዘዙትን አድርገዋል። ማንም አላጠፋም፤ ገብሱ ግን አልሆነም።

ይህን ቋጠሮ ሊፈታ የሚችለው ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ላይ የሚያይና የመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው ብቻ ነው። ዋጋውም እንዲሁ ነው። ሚዛኑ ኪሎ ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ገበሬው ኪሎ ያመጣል። ለንጹሑና ለደረቁ ጭማሪ ካልተከፈለ፣ ለማድረቅ የሚጠፋው ቀን ለእርሱ ኪሳራ ነው፤ ውኃው እኮ ሚዛን ላይ ይወጣል። ስንፍና ብለን የምንጠራው ብዙ ነገር ከላይ የተወሰነ ዋጋ ውጤት ነው።

አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ሲያስተምር መሐንዲሶችን ብቻ ሳይሆን የኩባንያ የበላይ ኃላፊዎችንም ፊት ለፊት አግኝቶ የተናገረው ለዚህ ነበር። በኋላ በጻፈው መጽሐፉም ከችግሮች 94 በመቶ ያህሉ የሥርዓቱ፣ ማለትም የአመራሩ ኃላፊነት እንደሆኑ ገምቷል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ሐሳቡ ግን ከኮሶዬው ገብስ ጋር ይገጥማል።

አይኤስኦ 9001 የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ሥራ አመራር ደረጃም እዚሁ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ለብዙ ዓመታት ድርጅቶች አንድ «የአመራር ተወካይ» እንዲሰይሙ ያዝዝ ነበር። በተግባር ይህ ለብዙ ሥራ አስኪያጅ መሸሸጊያ ሆነ፤ ጥራት የተወካዩ ጉዳይ ነው ብሎ ወደ ሌላ ስብሰባ መሄድ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው እትም ያ ግዴታ ተነሣ። አምስተኛው ክፍል «አመራር» ተባለ፤ ለሥርዓቱ ውጤታማነት ተጠያቂው የበላይ አመራሩ ራሱ እንደሆነም ተጻፈ። ሥራ ይወከላል፤ ተጠያቂነት አይወከልም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ሥርዓት የሚሠራው በሰው ላይ ላለመንጠልጠል አይደለምን? ሁሉን በመሪው ላይ ከጫንን፣ ሰውዬው ሲነሣ ሁሉም ይፈርሳል። ይህን በአገራችን ደጋግመን አይተናል። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2009 በ30 ድርጅቶች ለሙከራ ሲጀመር፣ በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ብዙ ተስፋ ነበር፤ ሆኖም ኃላፊው ሲቀየር የካይዘን ሠሌዳው አቧራ ለብሶ የቀረበትን ግቢ የማያውቅ ሠራተኛ ጥቂት ነው።

ተቃውሞው እውነት አለው፤ የሚያፈርሰው ግን አንድ ዓይነት መሪን ነው። በራሱ ቁጣ መጥፎ ጭነት የሚመልስ ሥራ አስኪያጅ ሥርዓት አልሠራም፤ ቁጣው ሲበርድ ጭነቱ ይገባል። ሌላው መሪ፣ የበሯ ባለሙያ ከመሥፈርቱ ውጭ የሆነውን እንድትመልስ ሥልጣን ይሰጣታል። ከዚያ ጎተራው ባዶ የሆነበት፣ ቢራ ፋብሪካው በየሰዓቱ የሚደውልበት ቀን ይመጣል። የተመለሰው መኪና ባለቤትም ትልቅ ሰው ይዞ ይገባል። መሪው በዚያ ቀን ውሳኔዋን ካልሻረ፣ ደንቡ ከእርሱ በኋላ የሚኖርበትን ዕድል አገኘ። ከሻረ ግን የጥራት ፖሊሲው በወርቅ ፍሬም ቢሰቀልም ሠራተኛው ሁሉ እውነተኛውን ፖሊሲ ተምሯል። እንግዲህ መሪና ሥርዓት ተቃራኒ አይደሉም፤ የመሪው ሥራ ራሱን ጭምር የሚያስር ደንብ ማቆም ነው።

ይህን አባቶቻችን በጠላው ወግ ያውቁት ነበር። አሳላፊው ለእንግዳው ከመቅዳቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ከመርዝ ለመጠበቅ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የበለጠ ነገር አይበታለሁ። አሳላፊው ለሌላው የሚያቀርበው ነገር ከሚያመጣው መዘዝ ራሱን አላገለለም። የቃል ዋስትና አልሰጠም፤ ቀመሰ። ዛሬ ሪፖርት ብቻ የሚያነብ መሪ ያልቀመሰ አሳላፊ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል፤ ከሁሉ የሚከብደኝም እርሱ ነው። ባለሙያዋ በትክክል መለሰች፣ መሪውም ጸና እንበል። ኪሳራውን ማን ተሸከመ? የዓመት ልፋቱን በአህያና በመኪና ያወረደው ገበሬ ነው። መሥፈርቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ግፍ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ገበሬው መሥፈርቱን የሰማው በበሩ ላይ ነው። ያኔ ዝርያውም፣ ማዳበሪያውም፣ ውቂያውም አልፏል። በእኔ ፍርድ ይህ የአመራር ጉድለት እንጂ የገብስ ጉድለት አይደለም።

ኮሶዬ ላይ ገብስ የሚዘራው በሰኔ ነው፤ የሚታጨደው ከኅዳር ጀምሮ ነው። የፋብሪካ፣ የዩኒየንና የግብርና ኃላፊዎች ሆይ፣ መሥፈርታችሁንና ዋጋችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ግን ሰኔ ሳይገባ ኑ።